በአሮጌ ቤት ያለ ሽንት ቤትና ጠንካራ ውኃ፦ የትኛው መለዋወጫ ይበጃል?

ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበት ውኃ፣ ማለትም ጠንካራ የሚባለው ውኃ፣ በሚያልፍበትና በሚጠራቀምበት ሁሉ ኖራ ይጥላል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ማዕድን በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ ከ120 ሚሊ ግራም ሲበልጥ ውኃው ጠንካራ፣ ከ180 ሲበልጥ ደግሞ በጣም ጠንካራ ተብሎ ይመደባል። በሽንት ቤት ውስጥ ይህ ኖራ በዋናነት የሚያጠቃው ሦስት ቦታዎችን ነው፤ እነርሱም ውኃ ወደ ፍላሽ ታንኩ የሚገባበት ቫልቭ፣ ውኃው ወደ ሳህኑ የሚለቀቅበት ጎማ ከነማረፊያው፣ እንዲሁም ከሳህኑ ጠርዝ ሥር ያሉት የመታጠቢያ ቀዳዳዎች ናቸው። ቤቱ አሮጌ ሲሆን በዚህ ላይ ዝገት ይጨመራል፤ የቆየ የጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተለበጠ ብረት) ቧንቧ ውስጡ እየተላጠ ስለሚሄድ፣ ውኃ ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የዝገት ፍርፋሪ ወደ ቫልቩ ይገባል።

ገዢው ከመለዋወጫው ካርቶን ላይ የሚያነበው ጸጥታን፣ ፍጥነትንና ውኃ ቁጠባን የሚያወድስ ጽሑፍ ነው። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ቢሆኑም ጠንካራ ውኃ ባለበት ቤት ኖራ የማይዘው ዕቃ ስለሌለ፣ በእኔ ግምት ከሁሉ መቅደም ያለበት መስፈርት ዕቃው ያለ ብዙ መሣሪያ ተከፍቶ ሊጸዳ መቻሉ፣ ጎማውም ለብቻው ተገዝቶ ሊተካ መቻሉ ነው። የሚከተለው ንጽጽር የተሠራው በዚህ መስፈርት ነው።

ከመግዛት በፊት

ሁለት ቀላል ሙከራዎች ብዙ አላስፈላጊ ግዢ ያስቀራሉ። የመጀመሪያው፣ ታንኩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምሮ ፍላሽ ሳያደርጉ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ነው፤ ቀለሙ በሳህኑ ውስጥ ከታየ ማፍሰሻው ጎማ ወይም ማረፊያው ውኃ ያሳልፋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ድምፅ አልባ ማፍሰስ ሲብስ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውኃ ሊያባክን ይችላል። ሁለተኛው፣ በባልዲ ከ6 እስከ 8 ሊትር ውኃ ወደ ሳህኑ በአንድ ጊዜ መድፋት ነው። ውኃው ተጎትቶ ጥርግ ብሎ ከሄደ የፍሳሹ መስመር ደህና ነው፤ የፍላሹ መዳከም ምክንያት የሚፈለገው ታንኩ ውስጥ ወይም በኖራ በተደፈኑት የጠርዝ ቀዳዳዎች ላይ ይሆናል። በባልዲውም ቢሆን ውኃው ሳህኑን ሞልቶ ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ግን የታንክ ዕቃ መቀየር ምንም አይፈይድም።

ውኃ ማስገቢያ ቫልቭ

በአሮጌ ቤቶች በብዛት የሚገኘው ረጅም ክንድና በክንዱ ጫፍ ላይ ተንሳፋፊ ኳስ ያለው የነሐስ ቫልቭ ነው። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ያረጀ ስለሆነ ብቻ ይጥለዋል፤ እኔ ግን ቶሎ አልጥለውም። የውኃ መተላለፊያው ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ፍርፋሪ አይደፍነውም፤ የላይኛው ክፍል ሁለት ብሎኖች ተፈትተው ስለሚነሳ ውስጡ ያለው ጎማ በቀላሉ ይቀየራል። ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። ኳሱና ክንዱ ብዙ ቦታ ስለሚይዙ ከታንኩ ግድግዳ ጋር ሊነካኩ ይችላሉ። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፣ አንዳንድ የቆዩ ሞዴሎች ውኃ የሚያስገቡት ከታንኩ ውኃ ወለል በታች በመሆኑ፣ የመስመሩ ግፊት በድንገት ሲወርድ የታንኩን ውኃ ወደ መጠጥ ውኃ መስመር መልሰው ሊስቡ መቻላቸው ነው። እንዲህ ዓይነቱን ቫልቭ መጠገን ሳይሆን ማስወገድ ይገባል። አዲሱ ቫልቭ መልሶ መሳብን የሚከለክል፣ በአካሉ ላይ ያለው የመከላከያ ምልክትም ከትርፍ ውኃ ቱቦው፣ ማለትም ታንኩ ከልክ በላይ ሲሞላ ውኃውን ወደ ሳህኑ ከሚያወርደው ቱቦ፣ አፍ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚተከል መሆን አለበት።

ክንድ የሌለውና ተንሳፋፊው ግንዱን ተከትሎ ሽቅብና ቁልቁል የሚሄደው የፕላስቲክ ቫልቭ ዋጋው ዝቅተኛ፣ ቦታ የማይፈጅና ከፍታው የሚስተካከል ስለሆነ ለአብዛኛው ቤት ይስማማል። ጠንካራ ውኃ ሲያገኘው ችግሩ የሚታየው በግንዱ ላይ ነው፤ በውኃው ወለል መስመር ላይ የኖራ ቀለበት ይሠራና ተንሳፋፊውን አንቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ወይ ውኃው ሳይቋረጥ ይፈሳል፣ ወይ ታንኩ ሳይሞላ ይቀራል። በአቼቶ የራሰ ጨርቅ ግንዱ ላይ ጠምጥሞ ቆይቶ መጥረግ ይበቃል። ሲገዙ የላይኛው ቆብ በእጅ ተጠምዝዞ የሚከፈት መሆኑን ቢያረጋግጡ መልካም ነው፤ ከሥሩ የምትገኘው ክብ ጎማ ለብቻዋ የምትሸጥ ከሆነች ሙሉውን ቫልቭ ደግሞ መግዛት ላያስፈልግ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት በጸጥታው የሚመረጠው፣ ስስ የጎማ ሽፋንና በጣም ጠባብ የግፊት ቀዳዳ ያለው ቫልቭ ነው። ንጹህ ውኃ ባለበት ቤት ከሁሉም የሚሻል ሊሆን ይችላል። ኖራና ዝገት ባለበት ቤት ግን ያቺ ጠባብ ቀዳዳ በአንዲት ፍርፋሪ ትደፈናለች፤ ስለዚህ መግቢያው ላይ ወጥቶ የሚታጠብ ማጣሪያ ወንፊት ከሌለው አልመክረውም።

የትኛውም ቢመረጥ ከአሮጌ ቧንቧ ጋር ከተገናኘ በኋላ ሥራ ከመጀመሩ በፊት መስመሩ መታጠብ አለበት። የቫልቩን ቆብ አንስቶ፣ አፉ ላይ ኩባያ ደፍቶ፣ ውኃውን ለጥቂት ሰኮንዶች መልቀቅ የተጠራቀመውን ዝገት ያወጣዋል። አዲስ የተተከለ ቫልቭ በማግሥቱ መንሾካሾክ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ይህ ስለሚዘለል ነው።

ማፍሰሻው፦ ጎማው ወይስ ማረፊያው?

ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ፍላፐር የሚባለው የጎማ ክዳን ርካሽ በመሆኑ ታንኩ ባፈሰሰ ቁጥር እርሱ ይቀየራል፤ ማፍሰሱ ግን ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ምክንያቱን ለማወቅ ውኃውን ዘግቶ፣ ታንኩን ባዶ አድርጎ፣ ጎማው የሚያርፍበትን ቀለበት በጣት ዙሪያውን መዳሰስ ነው። ለስላሳ መሆን ሲገባው እንደ አሸዋ የሚሻክር ወይም በአንድ በኩል ጉብ ያለ ነገር ከተገኘ ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ ኖራው ለጎማው ወጣ ገባ ማረፊያ ሠርቶለታል። ቀለበቱን በአቼቶ አርሶ፣ ከዚያም በረቂቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ማለስለስ ብዙውን ጊዜ ነባሩን ጎማ ራሱን መልሶ ያሠራዋል። በተቃራኒው ጎማውን የነካው ጣት ከጠቆረ፣ ወይም ጎማው ተጣሞና አብጦ ከተገኘ፣ መቀየር ያለበት እርሱ ነው። ታንክ ውስጥ የሚጣሉ ክሎሪን ያላቸው የማጽጃ ኪኒኖች ይህን ጉዳት ያፋጥኑታል፤ ኖራውን ሳይነኩ ጎማውን ይበላሉ። ስለዚህ ለመግዛት ምንም ምክንያት አይታየኝም።

ከተራ ጎማና ከሲሊኮን ፍላፐር የቱ ይሻላል ለሚለው፣ የሲሊኮኑ ዋጋ ከፍ ቢልም ክሎሪንን የበለጠ ስለሚቋቋምና ልስላሴውን ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚጠብቅ እርሱን እመርጣለሁ። ከመግዛት በፊት የማፍሰሻውን አፍ ስፋት መለካት ግን ግድ ነው፤ በአሮጌዎቹ ታንኮች ብዙውን ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ በብዙ አዳዲሶቹ ደግሞ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ አንዱም ለሌላው አይሆንም።

ከፍላፐር ሌላ ቀጥ ብሎ የሚነሳና ዙሪያውን በክብ ጎማ የሚያሽግ ሲሊንደር መሰል ማፍሰሻ አለ። በቁልፍ የሚሠራው ሰንሰለት ስለሌለው ሰንሰለቱ ተጣመመ ወይም ተያዘ የሚባል ነገር የለበትም፤ ጎማውም እኩል ስለሚጫን እኩል ያልቃል። ባለ ሁለት ቁልፍ የሆነው ዘመናዊ ዓይነት፣ ማለትም ለትንሹ 3 ሊትር፣ ለትልቁ 6 ሊትር ያህል የሚለቀው፣ የተሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የሁለቱም ትልቅ ጥቅም አካሉ ሩብ ዙር ተጠምዝዞ መውጣቱና ከሥሩ ያለው ጎማ ታጥቦ ወይም ተገልብጦ መመለሱ ነው። ድክመታቸው ደግሞ ጎማው ሁልጊዜ በውኃ ውስጥ ስለሆነ አንዲት የኖራ ቅንጣት ከሥሩ ከገባች ያለ ድምፅ ያፈስሳሉ፤ የባለ ሁለት ቁልፉ ውስጣዊ መንሸራተቻም በኖራ ሲያዝ ቁልፉ ተጭኖ ይቀራል። በየጥቂት ወሩ አውጥቶ ለማጠብ ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ተራውን ፍላፐር ቢገዛ ይሻለዋል።

ብሪታንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ድረስ የተለመደው የሲፎን ማፍሰሻ በዚህ ረገድ የተለየ ነው። ውኃው ወደ ላይ ተነሥቶ በቱቦው ጎባጣ ላይ ተሻግሮ ስለሚወርድ ከውኃ በታች የሚያሽግ ጎማ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ሳህኑ አያንጠባጥብም። ሲያረጅ የሚቀደደው ውስጡ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ነው፤ ምልክቱም እጀታውን ደጋግሞ መምታት ማስፈለጉ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ሽፋኑን ብቻ ቢቀይር ይበጀዋል፤ ጠንካራ ውኃ ላለው ቤት ከዚህ የሚሻል ማፍሰሻ ማግኘት ይከብዳል።

ማረፊያው ተሰንጥቆ ወይም ተቦርቡሮ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአሮጌው ቀለበት ላይ በማጣበቂያ የሚለጠፍ አዲስ ማረፊያ መግዛት፣ ሁለተኛው ታንኩን ከሳህኑ አውርዶ ማፍሰሻውን በሙሉ መቀየር ነው። የሁለተኛው ውጤት የበለጠ አስተማማኝ ቢሆንም፣ በአሮጌ ቤት ታንኩን የያዙት ቡሎኖች ዝገው ስለሚጣበቁ በኃይል ሲፈቱ ሸክላውን ሊሰነጥቁት ይችላሉ። ከመታገል ይልቅ በታንኩና በሳህኑ መካከል የብረት መጋዝ ምላጭ አስገብቶ ቡሎኑን መቁረጥ ይመረጣል። ተተኪዎቹ ቡሎኖች የነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁኑ፤ ዳዶዎቹም ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ። በቤቱ ለጥቂት ዓመታት ብቻ ለሚቆይ ሰው የሚለጠፈው ማረፊያ ይበቃዋል።

አቼቶ፣ ሲትሪክ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ

ኖራን የሚያሟሟው አሲድ ነው። በረኪና የኖራውን ቀለም ያነጣውና የጸዳ ያስመስለዋል፤ ድንጋዩ ግን እንዳለ ይቀራል። አሲድና በረኪና ከተገናኙ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚወጣ፣ ሳህኑ በበረኪና ታጥቦ ከነበረ አሲድ ከመጨመሩ በፊት ደጋግሞ ፍላሽ ማድረግ ያስፈልጋል።

አቼቶ በአብዛኛው 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ ያለው በመሆኑ ደካማና ዘገምተኛ ነው፤ ጎማን ለመሳሰሉ ክፍሎችና ለስስ ኖራ ግን ተስማሚ ነው። የሲትሪክ አሲድ ዱቄት 100 ግራም ያህል በአንድ ሊትር ለብ ባለ ውኃ ተበጥብጦ ሲሠራበት ከአቼቶ የበለጠ ጉልበት አለው፣ ሽታም የለውም፤ ለመደበኛ ጽዳት ምርጫዬ እርሱ ነው። የፈላ ውኃ ግን አይጨመርም፤ ሸክላው በድንገተኛ ሙቀት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ የዓመታት ግግርን በደቂቃዎች ያሟሟል፤ ነገር ግን ጭሱ ሳንባን ይጎዳል፣ ብረትንና ነሐስን ይበላል፣ እምነ በረድና የሲሚንቶ ወለል ላይ ከተንጠባጠበ ምልክቱ አይጠፋም። ሌላው ሁሉ ሲያቅት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ በሳህኑ ውስጥ ብቻ እንጂ በታንኩ ውስጥ ፈጽሞ ሊገባ አይገባም።

ለተደፈኑት የጠርዝ ቀዳዳዎች ግን አሲዱ ከውጭ ቢቀባ ወርዶ ይቀራል። ትርፍ ውኃ ቱቦ ባለው ታንክ ውኃውን ዘግቶ ፍላሽ ካደረጉ በኋላ ለብ ያለ አቼቶ ወይም የሲትሪክ አሲድ ብጥብጥ በዚያ ቱቦ ውስጥ በቀስታ ማፍሰስ፣ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ጠርዙ ቦይ እንዲገባ ያደርገዋል። ሌሊቱን ካደረ በኋላ ትንሽ መስታወት ከጠርዙ ሥር ይዞ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጠመዝማዛ ሽቦ መውጋት ነው። የፑሚስ ድንጋይ፣ ማለትም ቀላልና ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ለሳህኑ ውስጥ ይጠቅማል፤ ሁልጊዜ ርሶ ካልተፈገፈገ ግን የሸክላውን አንጸባራቂ ሽፋን ይጭራል፣ በተጫረው ላይ ደግሞ ኖራ ቶሎ ይይዛል።

መዝጊያው

ከግድግዳው የሚወጣው የውኃ መዝጊያ ብዙ ዙር የሚዞር አሮጌ ዓይነት ከሆነ፣ በኖራ ተይዞ የማይዘጋ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ዕቃ ከመነካቱ በፊት ይፈተሽ። ሩብ ዙር የሚዞረው ባለ ኳስ ቫልቭ ይሻላል፤ እርሱም ቢሆን በየጥቂት ወሩ ካልተንቀሳቀሰ ይያዛል። የዛገ የጋልቫናይዝድ ቧንቧ ጥርስ ላይ ያለን መዝጊያ መፍታት ቧንቧውን ግድግዳ ውስጥ ሊሰብር ስለሚችል ለቧንቧ ሠራተኛ መተው ይበጃል።

ማደስ ወይስ መቀየር?

የሳህኑ ሸክላ ካልተሰነጠቀና ውስጣዊው መተላለፊያ በኖራ ካልጠበበ፣ መጠገን ከመቀየር ይረክሳል። ሆኖም አንዳንድ አሮጌ ሽንት ቤቶች በአንድ ፍላሽ 13 ሊትርና ከዚያ በላይ ይወስዳሉ፤ ዘመናዊዎቹ 6 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ስለሚበቃቸው፣ ውኃ በሚወደድበት ወይም በሚጠፋበት ቦታ መቀየሩ ሊያዋጣ ይችላል። በአሮጌው ታንክ ውስጥ ጡብ ጨምሮ ውኃ መቀነስ ግን አይመከርም፤ ጡቡ እየፈረፈረ ፍርፋሪው ከጎማው ሥር ይገባል፤ ሳህኑም ለብዙ ውኃ የተሠራ ስለሆነ ደጋግሞ ፍላሽ ማድረግን ያመጣል።

ለጠንካራ ውኃ ጠርዝ አልባው ሳህን ከባለ ጠርዙ ይመረጣል፤ ኖራ የሚደፍናቸው ስውር ቀዳዳዎች ስለሌሉት ውኃው የሚሄድበት ሁሉ ይታያል፣ በብሩሽም ይደረሳል። ጥቁርና ደማቅ ቀለም ያለው ሳህን ነጩን ኖራ ስለሚያጎላ ነጩ ይሻላል። ከመግዛት በፊት የፍሳሹ መውጫ በወለል ወይስ በግድግዳ መሆኑ ይታይ፤ በወለል ከሆነ ከተጠናቀቀው ግድግዳ እስከ መውጫው መካከለኛ ነጥብ ያለው ርቀት ይለካ። በአንዳንድ አገሮች የተለመደው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢሆንም በአሮጌ ቤቶች 25 ወይም 35 ማግኘት እንግዳ አይደለም፤ አምስት ሴንቲ ሜትር ስትጎድል አዲሱ ሽንት ቤት ከነጭራሹ አይገባም።

የውኃ ማለስለሻ መሣሪያን በተመለከተ፣ በጨው የሚሠራው ዓይነት ካልሲየምና ማግኒዚየሙን በሶዲየም ስለሚተካ አዲስ ኖራ እንዳይፈጠር ያደርጋል። ለሽንት ቤት ብቻ ተብሎ ግን አይገዛም፤ የውኃ ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያውም በኖራ የሚጎዱ ከሆነ ወጪው ሊታሰብበት ይገባል። ነባሩን ግግር መሣሪያው በአጭር ጊዜ ስለማያነሳው በቅድሚያ ሳህኑ፣ ቀዳዳዎቹና የጎማው ማረፊያ ይጸዱ፤ ማለስለሻው የሚገጠመው ከዚያ በኋላ ነው።