ካሳ፦ ከክስ በኋላ ወይስ ገና በትኩሱ?

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1984 በሕንድ ቦፓል ሰዎች ሌሊት ዓይናቸው እየተቃጠለ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ነቁ። ከዩኒየን ካርባይድ የፀረ ተባይ ፋብሪካ መርዛማ ጋዝ አምልጦ ነበር። ሺዎች ሞቱ። መንግሥት በ1985 ሕግ አውጥቶ ተጎጂዎችን ወክሎ የመክሰስ ሥልጣኑን ጠቀለለው። ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ጠየቀ። በ1989 ግን በ470 ሚሊዮን ተስማማ፤ ተጎጂዎቹን ሳያማክር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሳንባው የተጎዳ ሰው ያችኑ ገንዘብ ለማግኘት ዓመታት ተንከራተተ።

በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ኩባንያው ቢፒ ያስቆፍረው የነበረ የነዳጅ ጉድጓድ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ነዳጁ ገና እየፈሰሰ ሳለ ኦባማ የኩባንያውን ኃላፊዎች ዋይት ሐውስ ጠሩ። ቢፒ ለካሳ የሚውል 20 ቢሊዮን ዶላር በተለየ ሒሳብ ሊያስቀምጥ ተስማማ። ሥራው የቆመበት ዓሣ አጥማጅ ፍርድ ሳይጠብቅ ማመልከት ቻለ። እርግጥ የመጨረሻውን ክፍያ የተቀበለ ሰው ክስ እንደማያነሳ መፈረም ነበረበት፤ ይህ ቀላል አይደለም።

ያም ሆኖ እኔ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ። ኩባንያ እጁን የሚዘረጋው ዓለም ሁሉ እያየው ሳለ ነው። በቦፓል መንግሥት ተጨማሪ ካሳ ቢጠይቅም፣ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ውድቅ አደረገው።