አሮጌዋ መኪናዬና ከኋላ የሚሰማው መፋጨት

ይህችን መኪና ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ሞተሯ በማለዳ ያለ ልመና ይነሳል፣ ነዳጅ አታባክንም። ስለ ደኅናው ነገር ይህ ይበቃል፤ ብዕር ያስነሳኝ ከኋላ የመጣው ድምፅ ነው።

ሲጀምር የመንገዱ ሸካራነት ይመስል ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ወፍጮ ባዶውን ሲዞር የሚያሰማውን ዓይነት ጩኸት ሆነ። ፍጥነት ስጨምር ይወፍራል፣ ስቀንስ ይቀጥናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስነዳ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካልጮኸ አይሰማኝም።

የሰማ ሁሉ ፈረደ። አንድ መካኒክ ጎማ እንኳን ሳይነካ «ዲፈረንሻል ነው» አለኝ፤ የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን ማለቱ ነው። የእኔ መኪና እኮ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ነው! ከኋላ ዲፈረንሻል የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም። ሌላው ደግሞ «ሽጣትና ተገላገል» አለ። መኪና የሚሸጡ ሰዎች ይህን ምክር ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ እኔን ግን እልህ ያዘኝ።

ጭር ባለ መንገድ ላይ ማርሹን ነጻ አድርጌ እንድትንሸራተት ለቀቅኋት። የሞተሩ ዙር ወረደ፣ ድምፁ ግን ከጎማው ፍጥነት ጋር እንደተጣበቀ ቀረ። ስለዚህ ሞተሩ ንጹሕ ነው። ፍሬን ረገጥሁ፤ ለውጥ የለም። በዝግታ እየሄድሁ የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሳብሁ፤ አሁንም ያው ነው። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋጨ ቢሆን ኖሮ በዚህ ጊዜ ድምፁ ይለወጥ ነበር። ከዚያ መሪውን በቀስታ ወደ ግራ ሳዞር ጩኸቱ በረታ፣ ወደ ቀኝ ሳዞር ደግሞ ዝም አለ። ወደ ግራ ሲታጠፉ የመኪናዋ ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ይጋደላል፤ ስለዚህ ተጠርጣሪው የቀኝ ኋላ ጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው ያለ ፍጭት እንዲሽከረከር የሚያደርገው ቀለበት ማለት ነው። አብሮኝ የነበረው ሰው «ከግራ ነው» እያለ ሲምል ነበር። የመኪና አካል ድምፅን ከወዲያ ወዲህ ስለሚያመላልስ በዚህ ነገር ጆሮ አይታመንም።

የፊት ጎማዎቹን በታኮ አግጄ ኋላዋን በክሪክ አነሣሁ፣ መደገፊያም አስገባሁ። የእጅ ፍሬኑን ለቅቄ ጎማውን በአንድ እጄ እያሽከረከርሁ ሌላውን በሞላው ላይ አሳረፍሁ። በግራ በኩል ምንም የለም። በቀኝ በኩል ግን ሻካራ ንዝረት ከጣቶቼ ተነሥቶ እስከ ክርኔ ዘለቀ። ኩሽኔታው ተፈትቶ ሲወጣ በማሸጊያው ጠርዝ ዝገት የተቀላቀለበት ቡናማ ግራሶ ተጋግሮ አየሁ። ውኃ ገብቶበታል።

ቅር ያሰኘኝ ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። የድሮዎቹ ኩሽኔታዎች ተፈትተው ይታጠቡ፣ ግራሶ ይቀቡና ተመልሰው ይጠብቁ ነበር። የእኔዋ ላይ ያለው ግን ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር አንድ ሆኖ የታሸገ ነው፤ ውስጡ ያለችው ትንሽ ቀለበት ስትበላ ሁሉንም መጣል ግድ ነው። ዕቃ ሻጩ «የታሸገ ስለሆነ እንክብካቤ አይፈልግም» ሲለኝ እንደ ምሥጋና ነበር የተናገረው። ወንድሜ፣ እንክብካቤ የማይፈልግ ሳይሆን የማይቀበል ነው በለኝ! ከኋላ የሚይዙት 4 ቡሎኖችም ዝገው ስለነበር እነሱን ማላቀቅ ሕመሙን ከማግኘት ይልቅ አደከመን።

እንዲህ ያለ ድምፅ የሰማ ሰው ሬዲዮ ከፍቶ አይሸፍነው። እየላላ የሄደ ኩሽኔታ መጨረሻው ጎማ መንቀል ሊሆን ይችላል።

መኪናዋን አልሸጥም። አዲስ መኪና ብገዛ ከዓመታት በኋላ ይኸው ዕቃ እንደማይበላ የሚምልልኝ ሻጭ የለም፤ ይህችኛዋ ቢያንስ የታመመችበትን ቦታ ለጠየቃት ትናገራለች። ዕቃ ሻጩ «ቀኙ ካለቀ ግራውም ይከተላል፣ ሁለቱንም ቀይር» ቢለኝም የግራውን አልነካሁትም። ለስላሳ ነው፤ በእጄ ፈትሼዋለሁ።