ማሞግራም ብቻ ወይስ ከአልትራሳውንድ ጋር? ጥቅጥቅ ያለ ጡት ላላት ሴት የቱ ያዋጣል

ጓደኞቼ ሁሌ ይህንኑ ነው የሚጠይቁኝ። «ማሞግራም ልነሳ ወይስ አልትራሳውንድ ይበቃኛል?» ማሞግራም የጡት ራጅ ነው፤ አልትራሳውንድ ደግሞ በድምፅ ሞገድ የሚያይ ነው። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ። 40 ዓመት ካለፋችሁና ጡታችሁ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ሁለቱንም ተነሱ። ብሩ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ግን ልቆጥብ ብዬ ሁለቴ ከፍያለሁ።

አምና መሀል ከተማ ባለ አንድ ማዕከል ማሞግራም ተነሳሁ። ካርድ 300፣ ማሞግራም 2,400 ብር። «ንጹህ ነው» ተባልኩ፤ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ውጤቱ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ መስመር ነበረች። ማንም አላብራራልኝም። ከወራት በኋላ ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ አራት ኪሎ ቡና እየጠጣን ወረቀቱን አየችው። «እህቴ፣ ጡትሽ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ትናንሽ እብጠቶች ሊሸፈኑ ይችላሉ ነው የሚለው» አለችኝ። ቡናው እፊቴ ቀዘቀዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሞግራም ላይ ስብ ጠቆር ብሎ ይታያል። ጥቅጥቁ ክፍል፣ ማለትም የወተት እጢውና ደጋፊው ሥጋ፣ ነጭ ነው። ካንሰርም ነጭ ነው። ነጭ ነጠላ ላይ የወደቀ ነጭ ክር እንደመፈለግ ነው። ሪፖርቱ ጡትን ከኤ እስከ ዲ በአራት ይከፍለዋል፤ ሲ እና ዲ ጥቅጥቅ ይባላሉ። በሽታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ እንዲህ ናቸው። ግን ጥቅጥቅነቱ ራሱ ለካንሰር ያለውን ስጋት ከፍ ያደርጋል። በመዳሰስ አይታወቅም፣ በጡት ትልቅነትም አይለይም። እዚያ አገር ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ ማዕከሎች ይህንን ለሴትየዋ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። እናንተ ግን ራሳችሁ «ኤ ነኝ ወይስ ሲ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ብሩ ልመለስ። አልትራሳውንዱን በ900 ነው የተነሳሁት። ርካሽ ስለሆነ እሱን ብቻ የሚነሱ አሉ። አታድርጉት። እንደ አሸዋ የደቀቁ የካልሲየም ነጠብጣቦች አንዳንዴ የካንሰር የመጀመሪያ ምልክት ናቸው። ማሞግራም በደንብ ያያቸዋል፣ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል። ሁለቱ ሲደመሩ ነው ልዩነቱ የሚታየው። በ2016 የወጣ የጃፓን ጥናት ከ40 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችን አይቷል። ማሞግራም ብቻውን ከ100 ካንሰር 77 ያህሉን ሲያገኝ፣ አልትራሳውንድ ሲጨመርበት 91 ያህሉን አገኘ።

ጉዳቱንም ልናገር። አልትራሳውንድ በከንቱ ያስደነግጣል። እኔ ላይ የሆነ ነገር ታየ ተባለ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። በኋላ ውሃ የቋጠረ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ቢሆንም ደግሜ እነሳለሁ።

ከሁሉ ያቃጠለኝ ግን ቅጂው ነው። አልትራሳውንድ ያነሳችኝ ሐኪም የቀድሞውን ማሞግራም ጠየቀችኝ። የሰጡኝ በተራ ወረቀት የታተመ ምስል ነበር። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። አገላበጠችው። «በዚህ ምንም ማለት አልችልም» አለችኝ። ወደ ማዕከሉ ተመልሼ ብጠይቅ ምስሉ ተሰርዟል። እንደገና 2,400። ከአዲሱ ካርድ 300 ጋር፣ ጠቅላላ 6,300 ብር ወጣብኝ። መጀመሪያውኑ አንድ ቦታ ሁለቱንም ብነሳ 3,600 ይበቃኝ ነበር። 2,700 ብር በአንዲት ወረቀት ምክንያት! ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት «ምስሉን በሲዲ ወይም በፍላሽ ትሰጣላችሁ?» በሉ። በስልክ የተነሳ ፎቶ አይጠቅምም። የአልትራሳውንዷ ትንሽ የምታብረቀርቅ ወረቀትም በሙቀት ትበላሻለች፣ መኪና ውስጥ አትተዉአት።

በማግኔት የሚነሳው ኤምአርአይስ? በጣም ጥቅጥቅ ላለ ጡት ጠንካራው እሱ ነው። ዋጋው ግን ከኪሳችን ውጭ ነው። እናት ወይም እህት በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴት ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት።

ከ30 ዓመት በታች ሆናችሁ እብጠት ካገኛችሁ የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። በማንኛውም ዕድሜ በእጃችሁ እብጠት ከዳሰሳችሁ ደግሞ፣ ማሞግራሙ «ንጹህ» ቢልም እንኳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ታላቅ እህቴ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ አላት። ከፒያሳ አብሬያት እሄዳለሁ። ፍላሹን ከአሁኑ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ።