ፌስን በእግር መዞር፦ የግል አስጎብኚ፣ ቡድን፣ "ነጻ" ጉብኝት ወይስ ብቻችሁን?

ሞሮኮ ልትሄዱ አስባችሁ ፌስ ላይ አንድ ወይ ሁለት ቀን ካላችሁ፣ ከማደሪያ ቀጥሎ የሚያስጨንቃችሁ አሮጌውን ከተማ ከማን ጋር እንደምትዞሩ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ "ነጻ" የሚል ታያላችሁ፣ 20 ዩሮ የሚል ታያላችሁ፣ መቶ ዩሮ የሚጠይቅም አለ፤ ፎቶው ግን የሁሉም አንድ ነው፣ ያው ሰማያዊ በር። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ በሁለቱም ጊዜ ከእህቴ ጋር። አራቱንም መንገድ ሞክረናል።

መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ፈቃድ ካለው የግል አስጎብኚ ጋር ዙሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻችሁን ግቡ። ግን ይሄ ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ሌላ ሒሳብ አለው፣ እናቱን ይዞ የሚሄድም ሌላ ሒሳብ አለው።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል፤ ምክንያቱም ምርጫው የሚከብደው በቦታው ጠባይ ነው። ፌስ ኤል ባሊ የሚባለው አሮጌው ክፍል በስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተቆረቆረ ነው። ዩኔስኮ በ1981 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከ9,000 በላይ ቅያሶች አሉት ይባላል። መኪና አይገባም። የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ሲሚንቶው፣ ለስላሳው፣ ቆዳው፣ ሁሉም የሚገባው በበቅሎና በአህያ ነው፤ ከኋላችሁ "ባላክ! ባላክ!" የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ግድግዳው ተጠጉ፣ ጭነት መጥቷል ማለት ነው።

እኔ ሐረር ጀጎልን ያለ አስጎብኚ ዞሬ ስለማውቅ ፌስንም እንደዚያው አየሁት። ጀጎል 368 ቅያስ አለው ይባላል፤ ቢጠፋባችሁ እንኳ ትንሽ ስትሄዱ ወይ ግንቡ ጋ ወይ ከአምስቱ ነባር በሮች አንዱ ጋ ትደርሳላችሁ። ፌስ እንደዚያ አይደለም። ግድግዳው ከፍ ያለ፣ መንገዱ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው የማያሳልፍ ስለሆነ የስልኩ ካርታ ይቃዣል፤ ሰማያዊዋ ነጥብ ከግድግዳ ወዲያ ዘላ ትቀመጣለች። በመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ ከተጓዝን በኋላ መውጫ የሌለው ቅያስ ውስጥ ቆመን ነበር። ከፊታችን አንድ የእንጨት በር አለ። አንዲት ልጅ ሊጡን በጣውላ ላይ አድርጋ፣ በጨርቅ ሸፍና፣ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ልትወስድ ከበሩ ወጣች። እኛን አይታ ሳቀችና በእጇ ወደኋላ አመለከተችን።

ወዲያው አንድ ወጣት መጣ። "ያ መንገድ ዝግ ነው፣ እኔ ላሳያችሁ" አለን። መንገዱ ዝግ አልነበረም። አዙሮ አዙሮ አንድ የቆዳ ዕቃ መደብር አስገባን፣ ስንወጣ 200 ድርሃም ጠየቀ። ተከራክረን 50 ሰጠነው፤ ቀኑ ግን ተበላሸ። ይሄን የምጽፈው ለማስፈራራት አይደለም፣ ከተማው በራሱ አደገኛ ሆኖ አልታየኝም። ግን በሞሮኮ ያለ ፈቃድ ማስጎብኘት ሕገወጥ ነው፣ የቱሪስት ፖሊስም አለ። ስለዚህ መንገድ ላይ "ላሳያችሁ" የሚላችሁን ሰው ከምርጫ ውስጥ አውጡት። "ላ፣ ሹክረን" (አይ፣ አመሰግናለሁ) ብላችሁ ሳትቆሙ እለፉ። መንገድ ከጠፋችሁ ባለሱቅ ጠይቁ፤ ባለሱቅ ሱቁን ጥሎ አይከተላችሁም።

አሁን ወደ ንጽጽሩ።

የግል አስጎብኚውን ያገኘነው ባደርንበት ሪያድ (መሃሉ ግቢ ያለው የድሮ ቤት፣ ማረፊያ የሆነ) በኩል ነው። ለግማሽ ቀን 400 ድርሃም ከፈልን፣ በግምት 40 ዶላር ማለት ነው። ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ከመንግሥት የተሰጠ ፎቶ ያለበት ባጅ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ካላያችሁት ጠይቁ፣ ነውር አይደለም። የኛ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ነበሩ። ከባብ ቡጅሉድ፣ ማለትም ከሰማያዊው በር (በውጭ በኩል ሰማያዊ ነው፣ በውስጥ በኩል አረንጓዴ) ተነስተን ታላዓ ከቢራን መውረድ እንደጀመርን ቆም አሉና "ትናንት በዚህ አልፋችኋል?" አሉን። አዎ አልናቸው። "ወደ ላይ አይታችኋል?" አላየንም። ቀና ስንል ከመንገዱ በላይ ባለው ግድግዳ የመስኮቶች ረድፍ አለ፣ ከሥሩም የእንጨት መደገፊያዎች ወጣ ወጣ ብለዋል። ለካ የውሃ ሰዓት ነው፣ ዳር አል ማጋና ይባላል፣ በ1357 እ.ኤ.አ. የተሠራ። በየሰዓቱ ኳስ የነሐስ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እየወደቀ ይደውል ነበር ይባላል፤ አሠራሩ ምን እንደነበር ዛሬ በውል የሚያውቅ የለም። እኛ በዋዜማው ከሥሩ ቆመን ብርቱካን ጭማቂ ጠጥተናል!

አስጎብኚ ስትይዙ የምትገዙት ይሄን ነው። የፌስ ቤቶች ውበታቸውን ወደ ውስጥ ነው የደበቁት፣ ከውጭ ስታዩት ሁሉም ያው ጭቃማ ግድግዳ ነው። ሰውዬው ከሰዓቱ ፊት ለፊት ያለውን የቡ ኢናንያ መድረሳ አስገቡን (መግቢያው ለብቻ ነው፣ 20 ድርሃም ከፍለናል)፤ ከታች የዘሊጅ ሸክላ፣ ከመሃል የጄሶ ቅርጽ፣ ከላይ የአርዘ ሊባኖስ እንጨት። ሦስቱን ሥራ የሠሩት የተለያዩ ባለሙያዎች መሆናቸውን፣ ቅርጹ ከአንዱ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚያልፍ በጣታቸው እየተከተሉ አሳዩን። ወደ ከተማው መሥራች ወደ ሙላይ እድሪስ መካነ መቃብር ስንቃረብ ደግሞ በቅያሱ ላይ አግድም የተጋደመ እንጨት አለ። ጎንበስ ብለን ነው ያለፍነው። ድሮ በቅሎም ሆነ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከዚያ እንጨት አያልፍም ነበር። ብቻችንን ብንሆን "ምን እንጨት ነው" ብለን ነበር የምናልፈው።

የቡድን ጉብኝት በኢንተርኔት የሚያዝ ነው፣ እኔ ያየኋቸው በሰው ከ15 እስከ 25 ዩሮ ናቸው። እዚህ ላይ ቀላል ሒሳብ ሥሩ። ሁለት ሰው ከሆናችሁ የግሉና የቡድኑ ዋጋ ተቀራራቢ ነው። አራት ከሆናችሁ የግሉ በሰው 100 ድርሃም ይደርሳል፣ ቡድኑ በእጥፍ ይበልጣል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን ቡድኑ በግልጽ ይረክሳል፣ ደግሞ ከሰው ጋር መሆን ደስ ይላል፤ በተለይ ብቻዋን ለምትጓዝ ሴት ለመጀመሪያው ቀን እኔ ይሄን ነው የምመክረው። ችግሩ ቅያሱ ነው። አሥር ሰው በአንድ ተርታ ሲጓዝ የኋላዎቹ ሦስት ሰዎች ምንም አይሰሙም። እኛ ሁለት ጊዜ ቆመን አንድ የቀረ ሰው ጠብቀናል። ቡድን የምትይዙ ከሆነ ስንት ሰው እንደሚሆን ጽፈው ይንገሯችሁ፤ ከስምንት በላይ ከሆነ ይቅርባችሁ።

"ነጻ" የሚባለው ነጻ አይደለም። መጨረሻ ላይ የምትሰጡት ጉርሻ ነው ክፍያው። እኔና እህቴ አንድ ላይ 100 ድርሃም ሰጠን፣ ያነሰም የሰጠ ነበር፣ የበለጠም። መሪው ወጣት፣ ተጫዋች፣ እንግሊዝኛው የሚያምር ልጅ ነበር፤ ስለ ዛሬዋ ፌስ፣ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሥራ አጥነት ያወራን እሱ ብቻ ነው። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም መድረሳ ውስጥ አልገባንም። የከተማውን ሽታና ድምፅ ለመልመድ ጥሩ ነው፣ ታሪኩን ለማወቅ አይበቃም። እዚህም ባጁን ጠይቁ።

አስጎብኚ ያለባቸውን ሦስቱንም የሚነካ አንድ ጉዳይ አለ፤ ኮሚሽን። አስጎብኚው ያመጣው ሰው ዕቃ ሲገዛ ባለሱቁ ለአስጎብኚው ድርሻ መስጠቱ የተለመደ ነው፣ ድርሻውም የሚወጣው ከእናንተ ኪስ ነው። ጉብኝቱ በጣም ከረከሰ ብዙ ሱቅ እንደሚጠብቃችሁ ገምቱ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ገና ሳትነሱ፣ ዋጋ ስትነጋገሩ፣ "ሱቅ አንፈልግም፣ ምንጣፍም ዘይትም አንገዛም፣ የቆዳ ማልፊያውን ብቻ እናያለን" በሉ። መሃል ላይ ከተናገራችሁት ፊት ይጠቁራል፤ ሳትነሱ ከተናገራችሁት ግን ማንም አይቀየምም። የኛ ሰውዬ "እንዲያውም ይሻለኛል፣ ጊዜ እናተርፋለን" ነው ያሉት። መግዛት ካማራችሁ ሱቁን ልብ ብላችሁ በማግስቱ ብቻችሁን ተመለሱ።

ስለ ሹዋራ የቆዳ ማልፊያ ይሄን ያህል ልናገር። ገንዳዎቹን በደንብ የምታዩት ከቆዳ መደብሮቹ ሰገነት ስለሆነ ሱቅ አንገባም ብትሉም እዚህ አንዴ መግባታችሁ አይቀርም። በሩ ላይ አንድ ጭብጥ ናና ይሰጧችኋል፣ አፍንጫችሁ ላይ ያዙት። ነጮቹ ገንዳዎች ኖራና የእርግብ ኩስ ናቸው፣ ፀጉሩ የሚለቀውና ቆዳው የሚለሰልሰው እዚያ ነው። ቀለም ያላቸው ከዚያ ቀጥለው ይመጣሉ። አንድ ሰውዬ እስከ ጭኑ ገብቶ ቆዳውን በእግሩ ሲረግጥ አየሁ፤ ሲወጣ እግሩ ከጭኑ በታች ሌላ ቀለም ነበር። ከሰገነቱ ሆኖ ፎቶ ማንሳት ቀላል ነው፣ ግን ሰው ሥራው ላይ ነውና በልክ ይሁን። ስትወጡ የመግዛት ግዴታ የለባችሁም፤ ላሳያችሁ ሰው ትንሽ ጉርሻ ትታችሁ ውጡ።

ምርጫችሁን ሊቀይር የሚችል ሌላም ነገር አለ፤ ሃይማኖት። ሙስሊም ያልሆነ ሰው በሞሮኮ አብዛኛው መስጊድ ውስጥ አይገባም። ፋጢማ አል ፊህሪ በ859 እ.ኤ.አ. አቋቋመችው የሚባለውን የአል ቀረዊይን መስጊድን እኛ ያየነው ከበሩ ላይ ቆመን ነው፣ የትኛው በር እንደተከፈተና ከየትኛው ግቢው በደንብ እንደሚታይ አስጎብኚው ያውቃል። ሙስሊም ከሆናችሁ ግን ለሶላት መግባት ትችላላችሁ፤ እንግዲያው ጉዞውን ከሶላት ሰዓት ጋር እንዲያስማማላችሁ ለአስጎብኚው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቡድን ውስጥ ይሄ አይሆንም። አረብ አገር የኖራችሁም አረብኛችሁ እዚህ በጣም ይጠቅማችኋል። የነሱ አነጋገር ለየት ይላል፣ የእናንተን ግን ይሰማሉ፤ እንዲያውም ብቻችሁን ለመዞር ከኛ የተሻለ አቅም አላችሁ። ከእስራኤል የምትሄዱ ደግሞ መላሕ የሚባለውን የድሮውን የአይሁድ ሰፈርና የኢብን ዳናን ምኩራብን ማየት ትፈልጉ ይሆናል። እነሱ ያሉት ከፌስ ኤል ባሊ ውጭ፣ ፌስ ኤል ጅዲድ በሚባለው ሌላው ክፍል በኩል ነው፣ የተለመደው የግማሽ ቀን ጉብኝት ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም፣ ለብቻ ጠይቁ።

ብቻችሁን ለምትገቡበት ቀን የሚያስፈልጋችሁ ጥቂት ነው። ካርታውን ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጋችሁ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፣ ግን ብዙ አትመኑት። ይልቅ መሬቱን እመኑት። ከባብ ቡጅሉድ የሚነሱ ሁለት ዋና መንገዶች አሉ፣ ታላዓ ከቢራና ታላዓ ስጊራ፣ ትልቁ አቀበትና ትንሹ አቀበት እንደማለት ነው። ሽቅብ ከወጣችሁ ወደ በሩ፣ ቁልቁል ከወረዳችሁ ወደ መሃሉ ትደርሳላችሁ። ግድግዳ ላይ በቀለም የተለዩ የጉብኝት መስመር ምልክቶችም አሉ። ሰፋሪን አደባባይን ደግሞ በጆሯችሁ ታገኙታላችሁ፣ መዳብ ቀጥቃጮቹ ከሩቅ ይሰማሉ። ዓርብ ከሰዓት ብዙ ሱቅ ስለሚዘጋ ለመግዛት አይሆንም፣ ቅያሱን በፀጥታ ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ቀን አላየሁም። ጾም ላይ ከሆናችሁ ጠዋት ቢሳራ ጠይቁ፤ የደረቀ ባቄላ ተፈጭቶ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው፣ የወይራ ዘይትና ከሙን ይደረግበታል፣ ሽሮ ለለመደ ሰው ባዳ አይሆንም። ሐሪራ የሚባለውን ሌላ ሾርባ ግን ሥጋ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቃችሁ ብሉ።

"ማራካሽስ?" ለምትሉ፣ እዚያ የግል አስጎብኚ ያን ያህል አያስፈልግም። መሬቱ ሜዳ ነው፣ የኩቱቢያ መስጊድ ሚናራ ከሩቅ ይታያል፣ ዋናውን አደባባይ ጀማ ኤል ፍናን ማንም ያሳያችኋል። በጀታችሁ ለአንድ ከተማ ብቻ ከሆነ ለፌስ አውጡት።

የመጨረሻው ለናት አባቶቻችን። እናቱን ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይዞ የሚሄድ የግሉን ብቻ ይያዝ፣ ቡድን አይጠብቅም። የሚከብደው መውረዱ ሳይሆን ወደ ባብ ቡጅሉድ መመለሱ ነው። ስለዚህ ሳትነሱ "መጨረሻችን ርሲፍ ይሁን" በሉት። ርሲፍ አደባባይ ታች ነው ያለው፣ መኪና ይደርሰዋል፣ ቀያዮቹ ትንንሽ ታክሲዎች እዚያ ይቆማሉ። ሜትሩን እንዲያበራ ንገሩትና ቁጭ ብላችሁ ወደ ማደሪያችሁ ሂዱ።