ፌሩሞክሲቶል፦ ከደም ማነስ ሕክምና ወደ ኤምአርአይ ክፍል

ፌሩሞክሲቶል እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርን ፈቃድ ሲያገኝ የታሰበው ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የብረት እጥረት ለማከም እንጂ ለምስል ምርመራ አልነበረም። ደም ሥሮችን በምስል ላይ የሚያጎላ መድኃኒት ሆኖ ወደ ኤምአርአይ (በመግነጢስ ኃይል የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ክፍል የመጣው በጠባዩ ነው፤ እያንዳንዱ ናኖቅንጣት (እጅግ ደቃቅ ቅንጣት) በካርቦሃይድሬት ሽፋን የተጠቀለለ የብረት ኦክሳይድ ሲሆን፣ መጠኑ በኩላሊት ለመጣራት ስለሚተልቅ ከደም ጋር እየተዘዋወረ ለሰዓታት ይቆያል።

ለዚሁ ሥራ ከተለመደውና እንደ ውሃ ከጠራው ጋዶሊኒየም በኋላ ይህን ብልቃጥ ማንሳት ትንሽ ያስደነግጣል። 510 ሚሊ ግራም ብረት የያዘው 17 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቡናማነት ያለው ጥቁር ነው፤ በቱቦው ወርዶ ወደ ክንዳቸው ሲገባ የሚያዩ ታካሚዎችም «ይሄ ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። አስቀድሞ ማስረዳት ይበጃል።

ምስሉ ግን የሚያስመሰግን ነው። ጋዶሊኒየም በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ሥር ወደ ሕብረ ሕዋስ ስለሚሰራጭ ደም ሥሮቹን ለማንሳት ቅጽበቱን መጠበቅ ግድ ይላል፤ ታካሚው በዚያች ቅጽበት ከተንቀሳቀሰ ዕድሉ አለፈ ማለት ነው። ፌሩሞክሲቶል በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 15 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የተበላሸውን ምስል ሌላ መርፌ ሳይወጉ በእርጋታ መድገም ይቻላል። የልብ ችግር ይዘው ለተወለዱ ሕፃናት ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎችም እንዲሁ፤ ጋዶሊኒየም ቆዳንና መገጣጠሚያን ከሚያደድር ብርቱ ሕመም ጋር መያያዙ በ2006 ከታወቀ ወዲህ፣ አዳዲሶቹ ዓይነቶች ሥጋቱን በእጅጉ ቢቀንሱትም፣ አማራጭ መኖሩ ጥሩ ነው።

ቅር የሚያሰኘኝ ነገርም አለ። ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ በማስከተሉ በ2015 ማስጠንቀቂያው ጠብቆ፣ ተበርዞ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሰጥና ታካሚው ከዚያ በኋላ ለ30 ደቂቃ በቅርብ እንዲታይ ታዟል። ወረፋ ለበዛበት ክፍል ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ሆኖም የደም ግፊት መለኪያውን ሳያስሩና የድንገተኛ መድኃኒቱን አጠገብ ሳያደርጉ መጀመር የለየለት ቸልተኝነት ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን በሰውነት ውስጥ መዘግየቱ ራሱ ነው። ቅንጣቶቹን በመጨረሻ የሚውጧቸው በጉበት፣ በጣፊያና በመቅኔ ያሉ በላዔ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ የተከማቸው ብረት የኤምአርአይ ምስልን እስከ ሦስት ወር ሊለውጥ ይችላል። (ቀደም ሲል የነበሩት የብረት ኦክሳይድ መድኃኒቶች የጉበት ዕጢን ለመለየት የተጠቀሙት ይህንኑ ጠባይ ነበር፤ ጤናማው ጉበት ይጠቁራል፣ ዕጢው ነጣ ብሎ ይቀራል።) አንድ ጊዜ ለደም ማነሱ ይህን መርፌ ከሌላ ሐኪም የወሰደ ሰው ለጉበት ምርመራ ወደ እኛ መጣ። የላከው ሐኪም ወረቀት ላይ ስለ መርፌው አንድም ቃል አልሰፈረም። ጉበቱ በምስሉ ላይ ከል መስሎ ሲወጣ በሰውነቱ ውስጥ ብረት ከመጠን በላይ የሚከማችበት በሽታ እንዳለበት ልንጽፍ ምንም አልቀረንም ነበር፤ ያዳነን የታካሚው የራሱ ትዝታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም ታካሚ ማሽኑ ላይ ከማስተኛታችን በፊት «ባለፉት ሦስት ወራት በደም ሥርዎ ብረት ወስደዋል?» ብለን እንጠይቃለን፤ ፌሩሞክሲቶል ለሰጠነውም ቀኑንና መጠኑን ጽፈን በእጁ እናስይዘዋለን።