ሽጉጡን ገዙ፣ ማስቀመጫውስ? የገመድ ቁልፍ፣ የምላጭ ቁልፍ ወይስ ካዝና

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሽጉጥ ሲገዙ ስለ ማስቀመጫው ብዙም አይጨነቁም። "ቁም ሳጥን ላይ አደርገዋለሁ" ይላሉ። ልጅ ባለበት ቤት ግን ቁም ሳጥን መደበቂያ አይሆንም። የተደበቀ ከረሜላ ፈልጎ የሚያገኝ ልጅ ሽጉጡንም ያገኘዋል።

የገመድ ቁልፍ በጣም ርካሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ብዙ ፖሊስ ጣቢያዎችም በነጻ ያድላሉ። የብረት ገመዱ በሽጉጡ ሆድ ውስጥ ስለሚያልፍ ጥይት ማጉረስ አይቻልም። ሌባን ግን አያቆምም፤ ቆርጦት ይሄዳል።

የምላጭ ቁልፍ ምላጩን ከግራና ከቀኝ ይሸፍናል። ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ ላይ በፍጹም አይደረግም፤ ሲገጠም ምላጩን ሊነካው ይችላል። ከሁለቱ ገመዱን እመርጣለሁ።

ልጅ ላለው ሰው ግን የምመክረው ትንሽ የብረት ካዝና ነው። በጣት አሻራ የሚከፈተው ያጓጓል። ሆኖም በ2023 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን 61,000 ያህል እንዲህ ያሉ ካዝናዎች ከገበያ መሰብሰባቸውን አስታውቋል። ያልተመዘገበ ጣትም ይከፍታቸው ነበር። የአንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞትም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ተጠቅሷል። አሻራ ያለውን ከገዛችሁ የሌላ ሰው ጣት ደጋግማችሁ ሞክሩበት። እኔ ቁጥር ተነክቶ የሚከፈተውን እመርጣለሁ። ቁጥሩ የልጃችሁ የልደት ቀን አይሁን። መጠባበቂያ ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ አትተዉት፤ ከመኪና ቁልፋችሁ ጋር ይሁን።

ስትገዙ የብረቱን ውፍረት ጠይቁ። "ጌጅ" የሚሉት ቁጥር ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል፤ 12 ከ16 ይሻላል። ከወለል ወይም ከግድግዳ ጋር በቡሎን ካልታሰረ ሌባው ካዝናውን ራሱን በብብቱ ይዞ ይወጣል።

ሜሪላንድ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከጥቅምት 2023 ወዲህ ጥይት የተሞላ መሣሪያ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተቆጣጣሪ የሌለው ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው ያስቀጣል።

ካዝና ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁ ምላጩን አይንካ። መጀመሪያ የጥይት ካርታውን (ጥይቶቹ የሚሞሉበትን መያዣ) አውጡ፤ ከዚያ የሽጉጡን የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስባችሁ የጎረሰውን ጥይት አስወጡ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁ ካርታው ሌላ ጥይት ያጎርሳል። በዓይናችሁ አይታችሁ፣ በጣታችሁም ዳስሳችሁ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ጥይቱን ለብቻው ሌላ ቦታ ቆልፉበት።