በኤላት የኮራል ዳርቻ፦ ለመዋኘት ብቻ ሳይሆን ለማየት
በእስራኤል ደቡብ ጫፍ በቀይ ባሕር ዳር ወዳለችው ኤላት የሚወርዱ ብዙ ወገኖቻችን ቀናቸውን በሆቴልና በገበያ ይጨርሳሉ፤ ከከተማው በስተ ደቡብ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ያለውን የኮራል ዳርቻ ጥብቅ ሥፍራ ሳያዩ መመለሳቸው ግን ያስቆጫል።

ከሁሉ በፊት የማመሰግነው ድልድዩን ነው። ከአሸዋው ተነሥቶ፣ ጥልቀት የሌለውን የሪፉን (ኮራሎች የገነቡትን የባሕር ውስጥ ቋጥኝ) ክፍል ተሻግሮ መሰላሉ ጋ ስለሚያደርስ ዋናተኛው አንድም ኮራል ሳይረግጥ ውሃ ውስጥ ይገባል። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ላዩን የሸፈኑት ሕያዋን እንስሳት ናቸው፤ ለማደግ ዓመታት የፈጀበትን ቅርንጫፍ አንድ እግር በቅጽበት ይሰብረዋል።

ያ ከድልድዩ ሥር የሚታየው ጠፍጣፋ ሥፍራ ብዙ መከራ አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1970 ባሕሩ ባልተጠበቀ ሁኔታ እጅግ ሸሽቶ ኮራሎቹን ለፀሐይ ስላጋለጣቸው አብዛኞቹ ሞቱ። የባሕር ሥነ ምህዳር ተመራማሪው ፕሮፌሰር ዮሲ ሎያ ከዚያ በፊት ጀምረው በሪፉ ላይ ገመድ እየዘረጉ፣ ከገመዱ ሥር ያገኙትን ኮራል ሁሉ እየለኩ ይመዘግቡ ስለነበር፣ የጠፋውን ብቻ ሳይሆን የተመለሰውንም ለማወቅ ቻሉ። ከነዳጅ ፍሳሽ የራቀው ሌላ ሪፍ በጥቂት ዓመታት ሲያገግም፣ ለነዳጅ ወደቡ የቀረበው ይህኛው ግን ወደ ኋላ ቀረ፤ ነዳጁ የኮራሎቹን መራባት ያውክ ነበርና። ይህን እያሰብኩ በትንንሾቹ አዳዲስ ኮራሎች ላይ ስንሳፈፍ ልቤ ተነካ።

በውሃው ውስጥ ጆሮ ለሰጠ ሰው የበቀቀን ዓሣው ቋጥኙን ሲግጥ ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ይሰማል። ረጃጅም እሾህ ያለውን ጥቁር የባሕር ጃርት ግን ፈልጌ ያየሁት ጥቂት ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ኤላት ባለችበት በአቃባ ባሕረ ሰላጤ በወረርሽኝ አብዛኛው አልቋል። አልጌውን (ቋጥኙን የሚሸፍነውን አረንጓዴ የባሕር ዕፅ) እየበላ ለኮራሉ ቦታ የሚያስለቅቀው እርሱ በመሆኑ ጉዳቱ ከባድ ነው።

የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራል በሌላው ዓለም ያለውን ኮራል ቀለሙን አሳጥቶ የሚያነጣውን ሙቀት በሙከራ ላይ ችሎ ታይቷል። ተመራማሪዎች ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ ከበረዶው ዘመን በኋላ ኮራሎቹ ወደ ቀይ ባሕር የተመለሱት በደቡብ በኩል ባለው የባሕሩ መግቢያ፣ በሞቃቱ የባብ ኤል መንደብ በር በኩል በመሆኑ ሙቀት የማይችለው በመንገድ ቀርቷል ይላሉ። ነዳጅና ፍሳሽ ግን ይህን ጥንካሬ ሊያመክኑት ይችላሉ።

ለሚሄዱ ሁሉ የምመክረው፣ ጠዋት ሰው ሳይበዛ እንዲደርሱና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ከመቀባት ይልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ የመዋኛ ልብስ እንዲለብሱ ነው። የመጥለቂያ መነጽር የሚገዙም አስቀድመው ፊታቸው ላይ ይሞክሩት፤ እኔ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ውሃ እያስገባ ግማሹን ሰዓት አባክኖብኛል።